እንፋሎት ያለው እጣቢ

ወንድሜ ሳንግጉ የደወለልኝ የቁርቁራውን ዛፍ ሊቆርጠው መሆኑን ሊነግረኝ ነው። ሊነግረኝ ብቻ፤ ሊያማክረኝ አይደለም። ቤቱም ጓሮውም የእሱ ነው። እኔ ታላቁ ብሆንም ሴት ነኝና በዚያ ግቢ ውስጥ ከእንግዳ አልሻልም።

«እታለም፣ ቅርንጫፉ ሁሉ እንደ መጥረጊያ ተጨፍርሯል፤ የማይድን በሽታ ነው አሉኝ» አለ። «ለመኪናዬም ቦታ ይሆነኛል። እማዬ ብትኖር ግን አልቅሳ ትሞት ነበር። በሩዝ እጣቢ ያሳደገችው ዛፍ!»

«አዎ» አልኩት።

«እኔንም እሱንም በሩዝ ውኃ ነው ያሳደገችን» ብሎ ሳቀ። ይህችን ቀልድ በየዓመቱ ይደግማታል። በእናታችን ሙት ዓመት የመታሰቢያውን ገበታ ሲያሰናዳ ከፍራፍሬው ሁሉ ቁርቁራውን ያስቀድማል፤ ወጉም እንደዚያ ነው። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሮ አያታቸው ጡቷ ቢደርቅባት እንዴት በማንኪያ የሩዝ ውኃ እያጠጣች ከሞት እንዳተረፈችው ይተርክላቸዋል። ልጆቹ ያለቅሳሉ። እኔ ሳህን አጥባለሁ።

ነገሩን ያየሁት በሰባት ዓመት ልጅ ዓይን ነው። ስለዚህ ግማሹን ተሳስቼዋለሁ። የተሳሳትኩትን እግረ መንገዴን እያረምኩ ልንገራችሁ።

ስሜ ማልሱን ነው፤ የመጨረሻዋ ሴት ማለት ነው። ከእኔ በፊት ሁለት ሴቶች ተወልደው ሳያድጉ ሞተዋል። እኔ ስወለድ አያቴ «በቃ! ከእንግዲህ ሴት እንዳይደገም» ብላ ይህን ስም አወጣችልኝ። ልመናዋ ግማሹ ተሰማላት። ሴት አልተደገመም፤ ወንድም ግን አልመጣም።

የምተኛው ከአያቴ ጋር ስለነበር የቤቱ ወሬ ሁሉ ጆሮዬ ይገባል፤ የሚገባኝ ግን ጥቂቱ ነው። አንድ ጠዋት አባቴን አስቀምጣ «እስከ መጪው አዲስ ዓመት ወንድ ካልታቀፈች ወደ እናቷ ቤት ትመለስ» ስትለው ሰማሁ። «እኔ የአባቶችህን የመታሰቢያ ገበታ ለማን አስረክቤ ልሙት?» አባቴ ትንባሆውን አጨሰ። ይህችኛዋ በደንብ ገብታኛለች። ወንድም ካልመጣ እናቴ ትሄዳለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከወንድም ሌላ የምመኘው ነገር አልነበረኝም።

በረዶው ቀልጦ ግቢው ጭቃ በጭቃ በሆነበት ሰሞን አንዲት ሴት ጥቅሏን በራሷ ላይ ተሸክማ መጣች። ስሟን ማንም አልነገረኝም። ያገባች ሴት በመጣችበት አገር ትጠራለችና ሁሉም የኦክቾኗ ይሏታል፤ እኔ እትዬ እላታለሁ። ባሏ ሞቶባታል፤ ልጆቿን ለባሏ ወንድም ትታ ነው የመጣችው። አያቴ ይህን ለእናቴ ስትነግራት «ሁለት ወንድ ወልዳለች! ሁለት ወንድ!» እያለች ነበር። ለምን እንደመጣች ስጠይቅ ግን መልሱ ሌላ ሆነ።

«ታማ ነው» አለችኝ አያቴ። «ሆዷ ውኃ ሊቋጥር ነው። እዚህ ትታከማለች። ለሰው ትንፍሽ ብትዪ በሽታው ባንቺ ይወጣል።»

ገና ሊቋጥር ያለ ሆድ አስቀድሞ ከምን እንደሚታወቅ አልጠየቅኩም። በጓሮ በኩል፣ ከቁርቁራው ዛፍ አጠገብ ያለችው ትንሿ ክፍል ተሰጠቻት። ያን ሰሞን አባቴ ከራት በኋላ ወደ ጓሮ መውጣት አመጣ። እናቴን ወዴት ነው የሚሄደው ብዬ ብጠይቃት «ዛፉን ሊያይ ነው» አለችኝ። ይህን ስትል ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር።

በሙቀቱ መግቢያ የሚከበረው የዳኖ በዓል መጣ። በዳኖ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ የቁርቁራ ዛፍ ይዳራል፤ በመንታ ግንዱ መሃል ድንጋይ ይሰነቀርበትና «አገባ» ይባላል፤ ያን ዓመት ብዙ ያፈራል ተብሎ ይታመናል። በእኛ ዛፍ ላይ እናቴ ሙሽራ ሆና በመጣች ዓመት የሰነቀረችው ድንጋይ ነበረበት። አያቴ በመዶሻ መታ መታ አድርጋ ነቀለችውና አጥር ጥግ ወረወረችው።

«ይቺ አልሠራችም» አለች። ከዚያ ከወንዝ ያስመጣችውን ሞላላ ድንጋይ ለኦክቾኗ ዘረጋችላት። «ነይ፣ አንቺ ሰንቅሪው።»

«እኔ? እሜቴ፣ የቤቱ እመቤት ቆማ እያለች?»

«አንቺ ነው ያልኩሽ። ጠበቅ አድርጊው፤ ንፋስ እንዳይጥለው።»

እትዬ እናቴን አየቻት። እናቴ የሩዝ እጣቢ የሞላ ገበቴ አቅፋ ቆማለች፤ አላየቻትም። እጣቢው ጫማዋ ላይ ተንጠባጠበ። ገበቴው የከበዳት መስሎኝ ላግዛት ሮጥኩ። እትዬ ድንጋዩን በሁለት እጇ ሰነቀረችው።

«በሉ እንግዲህ» አለች አያቴ። «በየጠዋቱ የሩዙ እጣቢ ለዛፉ ነው። ለከብቱ አንዲት ጠብታ እንዳትሰጡ። ዛፉ ካፈራ ቤቱም ያፈራል።»

እኔ ይህን ቃል በቃል አመንኩ። ወንድሜ የሚመጣው ከዚህ ዛፍ ነው፤ ዛፉ ከጠገበ እናቴ አትሄድም። በቃ ነገሩ አለቀ።

እናቴ በየጠዋቱ ሩዙን አጥባ እጣቢውን እንዳለ ግንዱ ሥር ትደፋለች። ብዙም ሳይቆይ ዛፉ ቢጫ እየሆነ መጣ። ዝንብ ሰፈረበት፤ አፈሩም ሸተተ። አንድ ጠዋት ቅጠሉ ሲረግፍ አይቼ ግንዱን አቅፌ ስነፋረቅ እትዬ ከክፍሏ ወጣች። ተንበርክካ አፈሩን በጣቷ ጫረችና አሸተተችው።

«ማነው ጥሬውን የሚደፋለት?»

«እማዬ ናት። አያቴ አዛት ነው።»

«ጥሬውን አይሰጡትም፣ የኔ እናት። እጣቢው አፈር ውስጥ ገብቶ ሲብላላ ይግላል፤ ሥሩን ይጠብሰዋል። አንቺ ለሕፃን ጥሬ ሩዝ ታጎርሺዋለሽ?»

«አላጎርሰውም።»

«እህ። እሱም እንደዚያው ነው። ሆድ አይችለውም።»

ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለ ሥራ የተቀመጠ ጋን አንከባላ አመጣች። የመጀመሪያው እጣቢ ለጋኑ ይሆናል፤ ሁለተኛው ለሾርባ ይቀመጣል። ጋኑ በሳር ክዳን ተከድኖ ይቆያል። ክዳኑን ሲከፍቱት ሽታው አፍንጫን ቆንጠጥ እስኪያደርግ፣ እስኪኮመጥጥ ድረስ አይነካም። ከዚያ በጉድጓድ ውኃ ይቀጥናል። የሚጠጣውም ግንዱ ሥር አይደለም፤ የቅርንጫፉ ጥላ የሚያልቅበት ቦታ ዙሪያውን ነው፤ «አፉ እዚያ ጋ ነው» ትለኛለች። እኔ ክዳኑን ከፍቼ እያሸተትኩ «ደርሷል!» የማለት ሥልጣን ተሰጠኝ። በዚያ ቤት ውስጥ ሥልጣን ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

«በብርዱ ጊዜስ?» አልኳት።

«ቅጠሉን አራግፎ ከጨረሰ ተኝቷል ማለት ነው። የተኛ አይቀለብም፤ ያንቀዋል። እንደገና ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ምንም አትስጪው። ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

እናቴ ከዚያ ወዲህ ወደ ዛፉ አልሄደችም። ሩዙን አጥባ ገበቴውን ለእኔ ታቀብለኛለች። «ውሰጅላት» ትላለች፤ ለማን እንደሆነ አትናገርም። ዛፉ በበጋው ሙቀት እንደገና አረንጓዴ ለበሰ። እትዬ አበባውን ስታሳየኝ እያንዳንዱ ትንሽ ቢጫ ነገር ወንድሜ እየመሰለኝ በጣቴ እነካካዋለሁ።

ሙቀቱ ሳይበርድ የሁለቱም ሆድ አደገ። የእትዬ ውኃ መቋጠሩ እንደሆነ ተነግሮኛል። የእናቴ ወንድሜ መሆኑን ደግሞ መላው መንደር ያውቀዋል። አንድ ቀን የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ጠራችኝ።

«አንቺ ማልሱን፣ የእናትሽ ሆድ ወደ ፊት ነው የሾለው ወይስ ወደ ጎን ነው የተንሰራፋው?»

«ወደ ፊት።»

«እሰይ፣ ወንድ ነዋ! ሲራገጥስ ነክተሽዋል?»

«አይራገጥም። እንደ ትራስ ነው።»

ሴትዮዋ ከት ብላ ሳቀች። አያቴ ግን ከየት እንደመጣች ሳላያት ጆሮዬን ጠምዝዛ እየጎተተች አስገባችኝ። ምን እንዳጠፋሁ አልነገረችኝም፤ እኔም ሕፃናት ሲሠሩ መጀመሪያ ጥጥ ሆነው ነው ብዬ ደመደምኩ። አሁን ስገምተው ከብርድ ልብስ የወጣ ጥጥ ይመስለኛል። እናቴ ያንን ጥጥ በዚያ ሙቀት ታጥቃው ዋለች፤ ከቀሚሷ በታች ወገቧ በላብ ሽፍታ ተልጦ ነበር። እሷም ተሰቃይታለች፤ ይህን አልክድም።

ዛፉ አፈራ። አያቴ እንኳ እንዲህ ሲያፈራ አይቼ አላውቅም አለች። ቅርንጫፉ እንዳይሰበር በባላ ደገፍነው። የመጀመሪያዋን ቀይ ፍሬ ለእትዬ ይዤላት ገባሁ። በዚያን ጊዜ ሆዷ በጣም ገፍቶ ከክፍሏ መውጣት ተከልክላ ነበር። ግማሹን ነክሳ ግማሹን አጎረሰችኝና ፍሬው ጣፋጭ መሆኑን ስነግራት ሳቀች።

«ይህንን ያደረገው የእኛ ጋን ነው» አለች።

በረዶ በጣለ በማግስቱ፣ ገና ሳይነጋ፣ አያቴ የከብቱ መኖ የሚቀቀልበትን እሳት ትቼ እንዳልሄድ አዝዛ ጓሮ ገባች። ቆይቶ ከዚያ በኩል የሕፃን ልቅሶ ሰማሁ። ወደ ደጅ ብወጣ አያቴ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አቅፋ ከዛፉ በኩል እየሮጠች መጣች። በረዶው ላይ ጫማዋ ሊወልቅ ደርሷል። «ወንድ ነው! ወንድ ነው!» ትላለች እያነባች። ወደ እናቴ ክፍል ገባች። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ከዛፉ ለቅማ ስታመጣው በዓይኔ አይቻለሁ። ማን ምን ሊለኝ ይችላል?

አባቴ የሳር ገመድ ፈትሎ ቀይ በርበሬና ከሰል ሰካካበትና በሩ ላይ ሰቀለው። ወንድ ተወልዷል፣ ሦስት ሳምንት እስኪሞላው ባዕድ አይግባ ማለት ነው። ማንም አልገባም። ገመዱ ሕፃኑን ከክፉ ዓይን የሚጠብቅ መስሎኝ ነበር። የጠበቀውስ እትዬን ከሰው ዓይን ነው።

እናቴ ሕፃኑ አጠገብ፣ ከሥሩ እሳት በሚሞቀው ወለል ላይ ተኛች። ለአራስ የሚገባው የባሕር ቅጠል ሾርባ በገበታ ቀረበላት። አያቴ ከዚያው ድስት ጨልፋ ለእትዬም ላከችኝ፤ በሽተኛ ስለሆነች ነው አልኩ። የእትዬ ሆድ ጎድሏል፤ ውኃው ወጣላት ተባለ። እኔ ደስ ብሎኝ «ዳንሽ?» ስላት «ዳንኩ» ብላ ፊቷን በብርድ ልብስ ሸፈነች።

ሕፃኑ ግን አልተመቸውም። ቀን ከሌት ያለቅሳል፤ ቆይቶ ደግሞ ልቅሶው ራሱ ደከመ። እናቴ ሩዝ ቀቅላ አጣርታ ነጭ ውኃውን በማንኪያ ትሰጠዋለች፤ ግማሹን ያወጣዋል። አያቴ እጇን ስታፋትግ ከረመችና በመጨረሻ አንድ ነገር ወሰነች። ባዶ ጎድጓዳ ሳህን ሰጥታኝ «ለኦክቾኗ ስጫት። የምትሰጥሽን ደግሞ ሳታፈሺ ለእናትሽ አድርሺ። ለወንድምሽ ነው» አለችኝ።

«ምንድነው?»

«የሩዝ ውኃ ነው። እሷ ታውቅበታለች።»

ለምን አላምንም? ዓመቱን ሙሉ ነጭ ውኃ የእትዬ ሥራ ነበር። እትዬ በሩን ዘግታ ቆይታ ሳህኑን በጨርቅ ሸፍና አቀበለችኝ። ሳህኑ ይሞቅ ነበር። «ቶሎ፣ ሳይቀዘቅዝ» አለችኝ። «አልቅሶ ነበር? ዛሬ አልቅሷል?» በየቀኑ ትጠይቀኛለች። እኔ ሳህኑን በሁለት እጄ ይዤ፣ ዓይኔን ከሱ ሳልነቅል፣ ግቢውን አቋርጬ ለእናቴ አደርሳለሁ። እናቴ ትቀበለኝና «ሂጂ፣ አያትሽ ጋ ሁኚ» ትላለች።

አንድ ጠዋት አልሄድኩም። ከጋኑ ጀርባ ተደብቄ በበረዶው ላይ በእንጨት ስጭር የእናቴ የኋላ በር ተከፈተ። ሳህኑን ይዛ ወጣች። ግራ ቀኝ አየችና ወደ ዛፉ ሄዳ ግንዱ ሥር ደፋችው። ከበረዶው ላይ ነጭ እንፋሎት ተነሣ። በረዶው ጎድጎድ ብሎ ቀለጠ። እናቴ በጫማዋ በረዶ ገፋ ገፋ አድርጋ ሸፈነችውና ገባች።

እጅግ ደነገጥኩ። ስህተቱ አንድ አይደለም። ሳይብላላ! ግንዱ ሥር! ያውም ዛፉ ተኝቶ! ዛፉ ቢሞት ለሚቀጥለው ዓመት ምን ሊተርፈን ነው? ለእናቴ ብነግራት ትቆጣለች። ስለዚህ ሥራውን ወደምታውቀው ሰው ሮጥኩ።

«እትዬ፣ እማዬ እኮ ተሳሳተች!»

ተጋድማ ነበር። «ምን አደረገች?»

«ለዛፉ ጥሬውን ደፋችለት። የተኛ አይቀለብም አላልሽም?»

«ምኑን ጥሬ?»

«አንቺ የምትሰጭኝን። እንፋሎት ነበረው፤ በረዶውን አቀለጠው።»

ቀስ ብላ ተነሥታ ተቀመጠች። «ለሕፃኑስ?»

«ለሕፃኑ የራሷን የሩዝ ውኃ ነው የምትሰጠው።»

እትዬ ተነሣች። ጫማ ሳታደርግ በበረዶው ላይ ግቢውን አቋርጣ ሄደች፤ እኔ ተከተልኳት። በዚያ ቤት ማንም ሰው ሳይስል፣ ሳይጣራ በር አይከፍትም። እሷ ከፍታ ገባች።

«ውጪ!» አለች እናቴ። «ውጪልኝ ከዚህ!»

«ስጪኝ።»

«ልጄ ነው!»

«ያንቺ ይሁን። ማን ቀማሽ? ግን ይኑርልሽ። ሞቶ ያንቺ ከሚሆን በሕይወት ኖሮ ያንቺ ይሁን። ስጪኝ፣ እባክሽ!»

አያቴ እየጮኸች መጣች። «ጎረቤት ይሰማል! ምንድነው ይሄ?» እትዬ ሳትዞር «ወተቱን ለዛፍ ስትደፋው ነው የከረመችው፣ እሜቴ» አለች። ወተት ማለቷን ሰምቻለሁ። ላም ግን አልነበረንም፤ ያለን የእርሻ በሬ ብቻ ነው። በንዴት የተናገረችው መሰለኝ።

«ልጁን ልትገድይብኝ?» አለች አያቴ።

እናቴ ማንኪያውን እንደያዘች ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር። «እሷ ካጠባችው ትቀራለች» አለች። ድምጿ ወጥቶ አይሰማም። «እሷ ከቀረች እኔ ወዴት ልሂድ? ንገሩኛ፣ እኔ ወዴት ልሂድ?»

በሩ ፊቴ ላይ ተዘጋ። ጥቂት ቆይቶ የሕፃኑ ልቅሶ ቆመ። ከተወለደ ጀምሮ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። በዝምታው መሃል እናቴ ስትንሰቀሰቅ ይሰማኛል። በስህተቷ የተጸጸተች መስሎኝ፣ ዛፉ እንዳልሞተ ልነግራት በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት።

ገመዱ እስኪወርድ ድረስ ሕፃኑ በትንሿ ክፍል ሰነበተ፤ ጉንጩ ሞላ። ገመዱ የወረደ ዕለት ማለዳ እትዬ ጥቅሏን በራሷ ላይ አድርጋ ጓሮ ቆመች። አያቴ ደረቷን በሰፊ ጨርቅ ጠፍራ አስራላታለች፤ ልብሷ ግን ከፊት ለፊት ረጥቦ ነበር። እጣቢ የፈሰሰባት መሰለኝ። ከውስጥ ሕፃኑ ማልቀስ ሲጀምር ርጥበቱ እየሰፋ መጣ። እትዬ በእጇ ሸፈነችው።

«ማልሱን፣ ቅጠል ሲያወጣ የተብላላውን ስጪው፤ እንዳትረሺ። አፉ የት እንዳለ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ፍሬ ሲደርስ ደግሞ የመጀመሪያዋን ለወንድምሽ አቅምሺው።»

«ከማን ናት ልበለው?»

አሰበች። «ከዛፉ በይው» አለችና ሄደች። በልጆቿ ስም አንድ የሩዝ ማሳ እንደተሰጠ፣ ማሳውንም የባሏ ወንድም እንዳረሰው የሰማሁት አድጌ ነው። እሷን ዳግም አላየኋትም።

አዲስ ዓመት መጣ፤ እናቴ ወንድ ታቅፋ ተቀበለችው። አልሄደችም። ምኞቴ ተፈጸመልኝ።

ያኔ ያየሁት ምን እንደነበረ የገባኝ የመጀመሪያ ልጄን በብርድ ወራት ስወልድ ነው። ጡቴ አብጦ ቢያስጨንቀኝ በረንዳ ወጥቼ በሳህን ላይ ጨመቅኩት። ነጭ ነበር፤ የሩዝ እጣቢ ነው የሚመስለው። እንፋሎቱ ፊቴ ላይ ሲመጣ እጄ ቀጥ አለ። ሩዝ ከጉድጓድ በተቀዳ ቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚታጠበው፤ እጣቢው በበረዶ ላይ አይጨስም። ዓመቱን ሙሉ እጣቢ ስሸከም ኖሬ ይህን አለማየቴ!

እናቴ ልትጠይቀኝ በመጣች ጊዜ ጠየቅኳት። ለእኔው ሩዝ እያጠበች ነበር።

«እማዬ፣ በዚያ በረዶ ለዛፉ ስትደፊው የነበረው ምንድነው?»

ቀና አላለችም። «እጣቢ።»

«እንፋሎት ነበረው።»

«ልጅ ነበርሽ» አለች። ሩዙን ማሸቷን ቀጠለች፤ ውኃው ጠርቶ እንኳ አላቆመችም።

እናቴን እንደምወዳት ቀበርኳት። ለደፋችው ለያንዳንዱ ሳህን ግን እስከ ዛሬ አላዝንላትም፤ ይቅርም አላልኳትም። አያቴ ፈራጅ ሆና፣ አባቴ ጭሱ ውስጥ ተደብቆ፣ ሁለት ሴቶችን በአንድ ሕፃን አጣሏቸው። እንደዚያም ሆኖ ሳህኑን የደፋችው እሷ ናት።

ዛፉ የሚቆረጥበት ቀን ደርሶ ሳንግጉ የሞተር መጋዙን ሲያስነሣ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ከታች ጀምሮ ሳይሆን ከመንታው ነው የጀመረው። እንጨቱ ሲቆረጥ ቆይቶ መጋዙ በድንገት ጮኸና የእሳት ፍንጣሪ ረጨ። ሳንግጉ ወደ ኋላ ዘሎ አጠፋው። ሁለቱ ግንዶች ሲፈነቀሉ፣ እንጨቱ ዙሪያውን አድጎ የዋጠው ሞላላ ድንጋይ ወለል ብሎ ታየ።

«ዛፍ ውስጥ ድንጋይ የሚከት ማነው ደግሞ?» አለ ጥርሱ የተሰበረውን መጋዝ እያየ።

«አያትህ ናት። ዛፉን ስትድረው ነው።»

«እራሷ ሰነቀረችው?»

«የኦክቾኗ የምትባል ሴት ናት የሰነቀረችው። እዚህ ቤት ነበረች።»

«ሠራተኛ?»

አፌን ከፈትኩ። ግንባሩ ሰፊ ነው፤ ሲስቅ የላይኛው ከንፈሩ በአንድ በኩል ይነሣል። ዕድሜ ልኬን ሳየው የኖርኩት ፊት ነው። እናቱን ከመታሰቢያው ገበታ ላይ አንስቼ በምትኳ ስሟን እንኳ የማላውቃትን ሴት ላስቀምጥለት ነው? ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ?

«አዎ» አልኩት። «ሠራተኛ ነበረች።»

«ታዲያ አፈራ?»

«አፈራ።»

«በእማዬ እጣቢ ነዋ!» ብሎ ሳቀ። ድንጋዩን በጓንቱ ፈልቅቆ አወጣውና ሳያየው ወደ አጥሩ ጥግ ወረወረው፤ አያታችን የመጀመሪያውን ወደ ወረወረችበት። ከዚያ መጋዙን ይዞ ጥርስ ሊቀይርለት ወደ ቤት ገባ።

ሄጄ አነሣሁት። ይሞቅ ነበር።